ግቢበት፣ ኧርሊን

በቫይን ጎዳና ላይ ኧርሊን ፕሩትን በስሟ የሚጠራት ሰው ጥቂት ነበር። ጠጉር ቤት ስትገባ «ክሌዮታ መጣች» ይባላል። ዓሣ ጠባሹ ከዘይቱ ቀና ብሎ «ክሌዮታዬ፣ ዛሬስ ምን ትበያለሽ?» ይላታል። ጥጉ ላይ የሚውሉት ሰካራሞች ደግሞ ከተቀመጡበት ሳይነሡ «የድሃ ክሌዮታ!» እያሉ ይጮኹባታል። እሷም ትስቃለች። ሰው ስሙን ሲቀሙት መጀመሪያ ይስቃል፤ አንዴ ከሳቀ በኋላ ደግሞ መቆጣት ያሳፍረዋል።

እውነተኛዋ ክሌዮታ፣ ክሌዮታ ባንክስ፣ በጥቂት ዓመት ትበልጣታለች። በካንሳስ ሲቲ በአንድ ሠፈር ተወልደው፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቀው፣ በአንድ መዘምራን መሐል ቆመው ነው ያደጉት። ልዩነታቸው ከዚያው ጀመረ። ክሌዮታ ስትዘምር ፓስተሩ ዐይኑን ይጨፍናል፤ ኧርሊን ስትዘምር ሰዓቱን ያያል።

ድምፅ አልነበራትም ማለት አይደለም። ዝቅ ያለ፣ ደረቅ ያለ፣ ጭስ እየጠጣ የኖረ እንጨት የመሰለ ድምፅ ነበራት። እንዲህ ያለው ድምፅ ወዲያው አይጣፍጥም፤ ሰው እየቆየ ነው የሚወደው። ካንሳስ ሲቲ ግን በዚያ ዘመን ለመቆየት ጊዜ አልነበራትም። በየበሩ ሙዚቃ ነበር፤ አንዱ ቤት ካልጣመህ ብርጭቆህን እንደያዝህ መንገድ ተሻግረህ ሌላው ቤት ትገባለህ።

ክሌዮታ የምትዘፍነው «ቀይ በር» በሚባለው ቤት ነበር። የቤቱ ጌታ ቱርማን ጌይንስ ሁለት የወርቅ ጥርስና አንድ ፒያኖ ያለው፣ ምሕረት ግን ያልፈጠረበት ሰው ነው። ኧርሊን እዚያው ጓዳ ማታ ማታ ብርጭቆ ታጥባለች። ቀን ቀን ወንዙ ዳር ባለው የሥጋ ፋብሪካ ለቋሊማ የሚሆን የአሳማ አንጀት ታጥባለች። ብርዱና ጨው የበዛበት ውኃ ገና በልጅነቷ ጣቶቿን አሳብጦ የአሮጊት እጅ አስመስሎት ነበር።

አንድ ቀን ቤቱ ገና ሰው ሳይገባበት ድፍረቷን ሰብስባ ክሌዮታ የምትለባብስበት ክፍል ደጃፍ ላይ ቆመች።

«እትዬ ክሌዮታ፣ አንዴ ትሰሚኛለሽ?»

ክሌዮታ መስታወት ፊት ተቀምጣ ቅንድቧን እየሳለች ነበር። ፊቷን ሳታዞር «በይ ዝፈኚ» አለቻት።

ኧርሊን ዘፈነች። ስትጨርስ ክሌዮታ ሁለተኛውን ቅንድብ ጀምራ ነበር።

«ጥሩ ድምፅ ነው» አለች። «ብርጭቆ ሲያጥቡበት አይሰብርም።»

ጓዳ ያሉት ሴቶች ይህን ሰምተው ለሳምንት ያህል ሳቁበት። ማንም ብርጭቆ ባነሣ ቁጥር «ቀስ በሉ፣ ኧርሊን ልትዘፍን ነው» ይላል።

ኧርሊን ቂሟን የምትወጣው በቀልድ ነበር። ክሌዮታ መድረክ ላይ ስትወጣ እሷ ጓዳ ውስጥ የዕቃ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርግና ትቀዳታለች። አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል፣ ቃሉን ወደ አፍንጫዋ ሳብ፤ ከዚያ መጨረሻው ላይ ድምፅዋን ከእጅ እንዳመለጠ ሕፃን ልቅቅ፣ መሬት ሊነካ ሲል ደግሞ መልሳ ቀለብ። ያ መልቀቅና መቅለብ የክሌዮታ ብቻ ነበር፤ ሰው ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቀው ያንን ነው። ኧርሊን ቁልጭ አድርጋ ታመጣዋለች። አስተናጋጆቹ ሳህን እያስቀመጡ በሳቅ ይፈርሳሉ።

ከዚያ ክሌዮታ ሄደች። የኒው ዮርክ ኦርኬስትራ በከተማዋ ሲያልፍ ሰማትና ማንንም ሳትሰናበት በአውቶቡሱ ተሳፍራ ሄደች። ቱርማን ግን ለዓርብ ስሟን በየግድግዳው ለጥፎ፣ ቲኬቱን ሸጦ ጨርሷል። ጓዳ ገባና ኧርሊንን ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት።

«አንቺ ልጅ፣ እነዚህ ሴቶች የሚያወሩት እውነት ነው? እሷን ቁጭ ነሽ አሉ።»

«ስቀልድ እኮ ነው፣ ጋሽ ቱርማን።»

«እንግዲያው ዓርብ ቀልጂልኝ። የራስሽን ድምፅ ግን ይዘሽብኝ እንዳትመጪ። እሱን ለአሳማዎችሽ ዝፈኚላቸው።»

ዓርብ ቀለደች። ያ ቀልድ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ።

የክሌዮታ አዲስ ሸክላ ከኒው ዮርክ በወጣ ቁጥር ኧርሊን ገዝታ እቤቷ ታጠናዋለች። መጀመሪያ ዜማውን፣ ቀጥሎ ትንፋሹን፣ በመጨረሻም በሁለት ቃል መሐል የምትውጠውን ምራቅ ሳይቀር። ክሌዮታ ባል ስትፈታ ድምፅዋ ይከፋል፤ ያን ጊዜ የኧርሊንም ድምፅ አብሮ ይከፋል። ኧርሊን ግን ባሏን የፈታችው በዚያው ሠፈር፣ በዚያው ጎረቤት ፊት ነው፤ ለራሷ መከፋት ድምፅ አልተረፋትም። የክሌዮታን ሐዘን ያለ ክሌዮታ ፀጉር ካባ ስታዝን ኖረች።

ፒያኖውን የሚመታላት ጋሽ ሉሺየስ ዌዘርቢ ነበር። ክሌዮታም በቀይ በር ስትዘፍን የመታላት እሱ ነው። ጋሽ ሉሺየስ አንድ ልማድ ነበረው፤ ዘፋኙ የዘፈኑ እንብርት ላይ ሲደርስ ከፒያኖው ቀና ሳይል ስሙን ይጠራዋል። «ግባበት፣ እገሌ!» ይላል፤ ሴትም ከሆነች «ግቢበት!» ይላታል። በዚያ ጎዳና ላይ ጋሽ ሉሺየስ ያልጠራው ዘፋኝ ዘፈንኩ አይልም።

ቱርማን አንድ ቀን ተቆጣ። «ሉሺየስ፣ ሰዉ ክሌዮታን ሊሰማ መጥቶ ኧርሊን ኧርሊን ትልብኛለህ። ከጠራህ ክሌዮታ በል።»

«ክሌዮታ ኒው ዮርክ ናት» አለው ሽማግሌው። «ከዚህ ብጠራት አትሰማኝም።»

እናም በዚያ ቤት የኧርሊን ስም የሚሰማው በዚያች አፍታ ብቻ ነበር። አንዳንድ ቀን ወደ ሥራ የምትሄደው ለዚያች አፍታ ስትል ይመስላት ነበር።

ወንዙ ከተማዋን በዋጠበት ዓመት ወንድሟ ክሊፍተን ሞተ። እሱም የፋብሪካው ሠራተኛ ነው። ውኃው በር ላይ ሲደርስ አለቆቹ አሳማዎቹን ከበረት እንዲለቅ መልሰው ላኩት። ለቀቃቸው። አሳማዎቹ ዋኙ፤ ክሊፍተን ዋና አያውቅም ነበር። ውኃው ጎድሎ ሬሳው ሲገኝ ኧርሊን አላለቀሰችም። ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ዕቃ እያጠበች ሳለ አንድ ዜማ መጣላት፤ ከሸክላ ያልመጣ፣ ከማንም ያልቀዳችው፦

«አሳማው ዋኝቶ ዳር ወጣ፤
ወንድሜ ወንዙን ጠጣ፣ ጠጣ።»

የዘፈነችው በዚያ በደረቁ፣ በልጅነት ድምፅዋ ነው። ጠፍቶ እንደቆየ ዘመድ በሩን ገፋ አድርጎ ሲገባ ሰማችው። ላንድ ሰው ብቻ አሰማች፤ ለጋሽ ሉሺየስ። ሽማግሌው እስክትጨርስ ጣቶቹን ከቁልፎቹ ላይ አነሣ።

«ይቺ ያንቺ ናት» አላት። «ለክሌዮታ ጉሮሮ እንዳትሰጪያት።»

ቀይ በር ሰኞ ጠዋት ሌላ ቤት ይሆናል። ቅዳሜና እሑድ ሌሊቱን ለሌላው ሲዘፍኑ፣ ሲቀዱ፣ ሲጠብሱ ያደሩ ሰዎች ሰኞ ጠዋት ለራሳቸው ይሰበሰባሉ። ሕፃናቱ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እነሱ የአሳማ ጎድንና ዊስኪ ይዘው ይቀመጣሉ። በዚያ ጠዋት የሚዘፈነው ለክብር ነው። ሁለት ሰው በየተራ ይገጥማል፤ ይህንን ራስ መቁረጥ ይሉታል። የተሸነፈ ወንድ ባርኔጣውን፣ የተሸነፈች ሴት ጓንቷን አውልቃ ፒያኖው ላይ ታስቀምጣለች፤ አሸናፊው አንሥቶ ይወስዳል። ዳኛ የለም። ራሱ የተቆረጠ ሰው መቆረጡን ያውቃል፤ አላውቅም ያለ ደግሞ በዚያ ጎዳና ዳግመኛ አይዘፍንም።

ኧርሊን ገጥማ አታውቅም። አንዴ ልነሣ ስትል አንዲት አስተናጋጅ ከወዲያ ጥግ «ተቀመጪ እባክሽ! በተዋስሽው ቢላ የማንን ራስ ልትቆርጪ ነው?» ብላ ቤቱን አሳቀችባት። ተቀመጠች።

ክሌዮታ ትመጣለች የተባለው በዚህ ሁሉ መሐል ነው። እናቷን ልታይ፣ ለአንድ ሳምንት። ቱርማን እንዲህ ያለ ነገር አያልፈውም። ገና ሳትደርስ «ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ክሌዮታዎች ይገጥማሉ» ብሎ አስወራ። ሠፈሩ ጉድ አለ። ሰው ወንበር ለመያዝ ወንበሩን ከቤቱ ይዞ መጣ። ሬዲዮ ጠጋኙ ቬስተር የቴፕ ማሽኑን ተሸክሞ መጥቶ መድረኩ ሥር ተከለ።

ኧርሊን ከዚያ ጠዋት የፈለገችው አንድ ነገር ነበር። ክሌዮታ ጓንቷን ፒያኖው ላይ እንድታስቀምጥና ቤቱ በሙሉ «ኧርሊን» ብሎ እንዲጠራት። ይኸው ነው።

«የወንዙን ነው የምዘፍነው» አለችው ለጋሽ ሉሺየስ፣ ሰው እየገባ ሳለ።

«ደግ። ይስቁብሻል፤ አንቺ ግን ዘልቀሽ ጨርሺው። የሷን ከዘፈንሽ ግን፣ ስሚኝ ልጄ፣ የሷን ከዘፈንሽ ለሷ ሠርግ ደግሰሽ አንቺ ዕቃ አጣቢ ሆንሽ ማለት ነው።»

ክሌዮታ ገባች። ሰው ተነሣ። ወፍራለች፣ ፊቷ በዱቄት ተሸፍኗል፣ ከክርኗ በላይ የሚደርስ አረንጓዴ የሐር ጓንት አድርጋለች። ስትራመድ ሁለት ሴቶች ይደግፏታል፤ ድጋፍ ግን አይመስልም፣ አጀብ ነው የሚመስለው። ኧርሊን ፊት ስትደርስ ቆመች።

«አንቺ ነሽ የኔ ጥላ የሚሉሽ?»

«ኧርሊን ነኝ፣ እትዬ ክሌዮታ። መዘምራን ውስጥ አብረን…»

«ብርጭቆ አጣቢዋ!» ክሌዮታ ሳቋን ለቀቀችው። «አንቺ ልጅ፣ እስካሁን አንድም አልሰበርሽም?»

ቤቱ ሳቀ። ነገሩን የማያውቁት እንኳን ሳቁ።

መጀመሪያ የዘፈነችው ክሌዮታ ናት። በወጣችበት፣ ዓለም ባወቃት ዘፈን ጀመረች። ኧርሊን ከመጀመሪያው ቃል አወቀች፤ ድምፅዋ የለም። ሲጋራና መጠጥ በልተውት ቅርፊቱ ነው የቀረው። ጋሽ ሉሺየስ ዜማውን ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ አደረገላት። «ግቢበት፣ ክሌዮታ!» ብሎ ሲጠራት ልትገባበት አልቻለችም። ያን መልቀቅ ለቀቀችው፤ መቅለብ ግን አቃታት። ድምፅዋ ወድቆ እዚያው ቀረ።

ሰው ግን አጨበጨበ። ሴቶች አለቀሱ። «የኛ ልጅ! የኛ ወርቅ!» ተባለ። ክሌዮታ የፊት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ላቧን ጠረገች፤ ዐይኗ ግን የተጨበጨበለት ሰው ዐይን አልነበረም። ታውቃለች። ኧርሊንም ማወቋን አየች፤ ደስታ በሆዷ እንደ ሙቅ ሾርባ ወረደ። ዛሬ፣ አለች በልቧ፣ ዛሬ ጓንቱ የኔ ነው።

ወጥታ ቆመች። ሰው «ክሌዮታ! ክሌዮታ!» እያለ እየተሳሳቀ ይጠራታል። ጋሽ ሉሺየስ የወንዙን ዜማ ጀመረላት። እሷም በራሷ ድምፅ ገባች።

የመጀመሪያውን ስንኝ ሰው ፈዝዞ ሰማት። ሁለተኛው ላይ ወንበር መንቋቋት ጀመረ።

«ምን ነካት? ታመመች እንዴ?»

«እህት ፕሩት፣ ስብከቱ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አሳማዎቹን ተያቸውና ክሌዮታን አምጪልን!»

ሳቁ ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት መጣ። ኧርሊን ቀጠለች። ወንድሟ ውኃ ውስጥ የገባበት ቦታ ላይ ደርሳለች፤ የዘፈኑ እንብርት እሱ ነው። ጋሽ ሉሺየስ ሊጠራት አፉን ሲከፍት ክሌዮታ አረንጓዴ እጇን አነሣች። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ተዉአት እንጂ» አለች በጣፋጭ ድምፅ። «ምስኪን ናት፤ አንድ ቀን እንኳ የራሷን ትሞክር።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ያ ሳቅ ባይሆን ዘልቃ ትጨርሰው ነበር ይላሉ የሚያውቋት። ማን ያውቃል። ኧርሊን አፏን ዘጋች። ፊቷ ደም መሰለ። ወደ ፒያኖው ዞረችና «የሷን ምታ» አለችው።

«ልጄ…»

«ምታ አልኩህ! አሁን የዘፈነችውን። እሷ ዱሮ ትዘፍነው በነበረበት ከፍታ።»

ጋሽ ሉሺየስ አያት፤ ከዚያ ዐይኑን ወደ ቁልፎቹ መለሰ። በዚያ ቤት የዘፋኝን ትእዛዝ እምቢ የሚል ፒያኖ መቺ የለም፤ ሕጉ ነው። መታ። ቬስተር ጎንበስ ብሎ ማሽኑ መዞሩን አረጋገጠ።

ኧርሊን አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አደረገች። ቃሉን ወደ አፍንጫዋ ሳበች። ከሃያ ዓመት በላይ የተቀመጠ ቂም ሁሉ በዚያ በሌላ ሰው ጉሮሮ ወጣ። ሳቁ እንደ ተቀጨ ቅርንጫፍ ቀረ። ክሌዮታ በወጣትነቷ፣ አውቶቡሱ ከመምጣቱ በፊት፣ ከባሎቿ በፊት፣ ከሲጋራው በፊት የነበራት ድምፅ በቤቱ ውስጥ ቆመ። ጎድን የሚበላው ሰው ጎድኑን እንደያዘ ቀረ።

«ግቢበት፣ ኧርሊን!» አለ ጋሽ ሉሺየስ። ድምፁ ሐዘን ነበረበት፤ ልማዱ ግን ልማድ ነው።

ገባችበት። ድምፅዋን ለቀቀችው። ወደቀ፣ ወደቀ፣ መሬት ሊነካ ሲል ቀለበችው። ቤቱ አንድ ላይ ተነፈሰ።

ራስ ቆርጣለች። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ዐይኗን ከፍታ ሰዉን አየች፤ በሙሉ ቆሟል፣ ያለቅሳል፣ ያጨበጭባል፣ ጠረጴዛ ይደበድባል። ፊቱ ግን ወደሷ አልነበረም። ሁሉም ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ፊት ወንበር፣ ወደ ክሌዮታ ዞሮ ነበር።

«ክሌዮታ! እንዲህ ነበርሽ እኮ!»

«ጌታ ሆይ፣ እንዲህ ነበረች! አልነገርኳችሁም?»

«አንቺን የመሰለ አልተወለደም፣ የኔ እናት! አይወለድምም!»

አንዲት አሮጊት ተንበርክካ የክሌዮታን ጉልበት አቀፈች። አንዱም ኧርሊን አላለም።

ክሌዮታ ዙሪያዋን አየች። ቀስ ብላ ተነሣችና ያለ ደጋፊ መድረኩ ላይ ወጣች። የቀኝ እጇን ጓንት ከክርኗ ጀምራ መግፈፍ ስትጀምር ቤቱ ጸጥ አለ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ኧርሊን ወደ ፒያኖው አየች፤ ጓንቱ የሚያርፍበትን፣ ክዳኑ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ።

ክሌዮታ በፒያኖው አጠገብ አለፈች። የኧርሊንን ቀኝ እጅ ያዘችና ጓንቱን ታጠልቅላት ጀመር።

አልገባም አለ። እጁ የፋብሪካ እጅ ነው፤ አብጧል፣ ጣቶቹ ተጣመዋል። ክሌዮታ ሳበች፣ ገፋች፣ ሕፃን እንደሚያለብሱ አድርጋ እያንዳንዱን ጣት አስገባች። ስፌቱ አንጓዋ ላይ ተሰነጠቀ። ኧርሊን አመማት፤ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጅ ይነጠቃል? ክሌዮታ ያጠለቀችላትን እጅ ከፍ አድርጋ ለሰዉ አወዛወዘችው።

«አያችሁ?» አለች። «እጄ ገና ይንቀሳቀሳል!»

ጣራው ሊነሣ ደረሰ። በዚያ ሁካታ መሐል ወደ ኧርሊን ጆሮ ጠጋ አለችና «በርቺ፣ እህቴ» አለቻት። «ቤቴን በንጽሕና ነው የጠበቅሽልኝ።»

ጋሽ ሉሺየስ የፒያኖውን ክዳን ዘጋ።

ኧርሊን ጓንቱን እንዳደረገች በቀትር ፀሐይ ወደ ቤቷ ሄደች። ማውለቅ አልሆነላትም፤ በመቀስ ቀደደችው። ማታ ወጥ ቤቷ ቆማ የወንዙን ዘፈን ሞከረች። አሳማው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ወደ አፍንጫዋ ሄደ። እንደገና ጀመረች። ወንድሟ ጋ ስትደርስ ለቀቀችው፤ ቀለበችውም። ክሊፍተን እንኳ በክሌዮታ ድምፅ ሰመጠ። ሦስተኛ አልሞከረችም።

ክሌዮታ በዓመቱ ኒው ዮርክ ሞተች፤ ጋሽ ሉሺየስም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። ቬስተር ቴፑን ለአንድ የሸክላ ኩባንያ ሰው ሸጠው። «የክሌዮታ ባንክስ የመጨረሻ ሰኞ» ተብሎ ወጣ። ዕውቀት አለን የሚሉ ጸሐፊዎች፣ ድምፅዋ በሞት ዋዜማ በተአምር ወደ ወጣትነቱ ተመለሰ ብለው ጻፉ። ሸክላው በየቤቱ ገባ።

ኧርሊን ወደ ቱርማን ሄደች።

«ጋሽ ቱርማን፣ እዚያው ቆመህ ነበር። እኔ መሆኔን ንገራቸው።»

ቱርማን አርጅቷል፤ የወርቅ ጥርሶቹ ግን እንዳሉ ናቸው። «የሞተች ሴት ላይ ምን ፈለግሽ? ይቺ ከተማ አንድ ቅርስ አላት። አንቺ ደግሞ ልትቀሚያት ትመጫለሽ? ነውር አይደለም?»

ወደ ቬስተር ሄደች። ቬስተር ጭንቅላቱን አከከ። «ሰዉ እሷ ናት ካለ እሷ ናት፣ ኧርሊን። እኔ ሬዲዮ ነው የምጠግን፤ የሰው ጆሮ አልጠግንም።»

ያን ጠዋት በቀይ በር የነበረው ሁሉ እውነቱን ያውቅ ነበር። መጀመሪያ ዝም አለ፤ ቀጥሎ ተጠራጠረ፤ በኋላ ረሳው። ከጥቂት ዓመት በኋላ በዚያ ጠዋት ክሌዮታ ስትዘፍን እዚያ ነበርኩ፣ ጓንቷን ለአንዲት ድሃ አድናቂዋ ስትሰጥ በዐይኔ አየሁ የሚል ሰው በረከተ።

ኧርሊን አንድ ተስፋ ቀርቷት ነበር። ጋሽ ሉሺየስ ስሟን ጠርቷል። ቴፑ ላይ አለ። ሰው ሸክላውን እየሰማ ሳለ አንድ ቀን አንዱ «ኧርሊን ደግሞ ማን ናት?» ብሎ ይጠይቃል። ሸክላውን ለመግዛት ግን አልደፈረችም፤ በገዛ እጄ ቤቴ አላስገባትም አለች።

የሰማችው ጥብስ ቤት ተራ ይዛ ሳለ ነው። ምሳ ሰዓት ነበር፤ ሬዲዮው መደርደሪያው ላይ ቅባት ጠግቦ ተቀምጧል። የራሷን ትንፋሽ ከመጀመሪያው አወቀችው። ከፊቷ ያለው ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ። ከባንኮኒው ኋላ ወፍራሟ ሉቬኒያ ቢላዋን አቁማ «እሽ! ክሌዮታ ናት» አለች፤ ተራው በሙሉ ጸጥ አለ።

ኧርሊን የኮቷን ጫፍ ጨብጣ ጠበቀች። ዘፈኑ ወደ እንብርቱ ተጠጋ። አሁን። አሁን ይጠራኛል። ፒያኖው ከፍ አለ፤ ሽማግሌው አፉን ሲከፍት የሚወስደው ትንፋሽ ሁሉ ተሰማት።

ከዚያ ድምፅዋ ወደቀ፣ ተቀለበ። በመሐሉ ምንም አልነበረም። ስሟ የነበረበትን ቦታ ቆርጠው አውጥተው፣ ሁለቱን ጫፍ ገጥመው ለጥፈውታል። ስፌቱ እንኳ አይታወቅም።

«ያቺ እኔ ነኝ» አለች ኧርሊን ጮክ ብላ።

ተራ የያዙት ዞሩ። ሰውዬው ባርኔጣውን እንደያዘ ከእግር እስከ ራሷ አያት። ሉቬኒያ ሳቀች፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም።

«እማማ፣ በዚህ ጎዳና ላይ ስድሳ የሞላት ሁሉ ክሌዮታ ናት» አለቻት። ቢላዋን አነሣች። «ጎድን ነው ወይስ ቋሊማ?»